ከመኪናዋ በኋላ የተወለደው አክስል

ቨርል ድሬክስለር በጀርባው ተንጋሎ፣ ሼቬል የምትባል የአሮጌ ሼቭሮሌት መኪና የኋላ አክስል ደረቱ ላይ አርፎ ተገኘ። ያገኘው ልጁ ነው። ዱዌይን ከከተማ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው የአባቱን ጫማ ነበር። ጫማው እንደ ወትሮው ከመኪናዋ ሥር ብቅ ብሎ ስለነበር ሰላም አለው። መልስ ሲያጣ ጮክ ብሎ ደገመው። ከዚያ ጎንበስ አለ።

ባሏ ሲሞት ኦፓል በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለመኪናዋ ባለቤት ለሎዌል ፕሩዊት ቀዝቃዛ ሻይ ትቀዳ ነበር። ሎዌል ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል፣ እሷ «እህ» ትላለች። ባሏ እየሞተ የሰው ጉልበት ታዳምጥ ነበር ማለት ነው። በኋላ ይህን ስታስበው ማልቀስ እንደሚገባት አውቃለች፤ አላለቀሰችም። ውስጧ በመርፌ እንደ ደነዘዘ ድድ ነበር። ብትነካካውም ምንም አይሰማም።

የቨርልን ሥራ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ኦሃዮ ውስጥ፣ በተለይ በማርልተን ዙሪያ፣ አሮጌና ጉልበተኛ መኪናን እንደ ሰው የዘር ሐረግ የሚያስቆጥሩ ወንዶች ሞልተዋል። መኪናው ሲያብረቀርቅ አይበቃቸውም። ሞተሩ አብሮት የተወለደ ነው ወይ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው አክስል አብሮት የተወለደ ነው ወይ ይላሉ። በወጣትነቱ ሲጋልቡት የኖሩት መኪና አክስሉን ሰብሮ ከሌላ መኪና የተገጠመለት ከሆነ ዋጋውም ክብሩም ይወርዳል። ስለዚህ ቨርልን ይጠራሉ። ቨርል ጎማውን አስፈትቶ ከሥር ይገባል፣ ብረቱ ሲቀለጥ አብረው የወጡትን ፊደልና ቁጥሮች ያነባል፣ ወጥቶም አንዲት ቃል ይናገራል፦ «የራሱ ነው» ወይም «የሰው ነው»። ለዚያች ቃል ሲሉ ከሦስት ግዛት ይመጡ ነበር። አዋቂ ነን የሚሉ ጎረምሶች ሲከራከሩት ግን ቀና ብሎም አያያቸውም።

የሸሪፉ ሰዎች ነገሩን ወዲያው ጨረሱት። መኪናዋ ከድጋፎቹ ላይ ተንሸራታለች፤ ድጋፎቹን ያቆመው ዱዌይን ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄ ማጉደል ነው። እንዲህ ብለው ሊጽፉ ነበር። ዱዌይንም አልተከራከረም። ከቀብሩ ወዲህ ወደ ቤት አልገባም፤ ግቢው ውስጥ የቆመችው የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ኦፓል ምግብ ስትወስድለት ሳህኑን በመስኮት ይቀበላታል። አያያትም። እሷም እጆቹን ማየት አልቻለችም። ልጇ ነው፣ ያላት አንድ እሱ ነው፣ አባቱን ደግሞ በእነዚያ እጆች ገድሎታል። እንግዲህ የቀራትን ዕድሜ ከዚህ ነገር ጋር አንድ ቤት ውስጥ ልትኖር ነው።

መርማሪ ኮኒ ሃልቨርሰን የመጣችው ወረቀቱን ለመዝጋት ነበር። አጠር ያለች፣ ሽበቷን ቀለም የማታስነካ፣ ስትጠይቅ የማትቸኩል፣ መልስ ስትሰማም ራሷን የማትነቀንቅ ሴት ናት። ወጥ ቤት ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ጎረቤት ያመጣው ድንችና ዶሮ በየትሪው ተደርድሯል። ክሊተስ ባውማን እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያጥባል።

ክሊተስ ከበቆሎው ማሳ ማዶ ይኖራል፤ የቨርል የረጅም ዘመን ጓደኛ ነው። ወጣት ሳለ በፎርድ የብረት ማቅለጫ ሠርቷል፤ ከፎርድ ሌላ መኪና ነድቶ አያውቅም። ቨርል ደግሞ ሼቭሮሌት ከማለት ሌላ አያውቅም። «ያንን የወተት ማመላለሻህን ከአጥሬ ውጭ አቁመው፣ ሼቭሮሌቶቼን ቅማል ያስይዝብኛል» ይለው ነበር። ክሊተስም እየሳቀ ውጭ ያቆማል። ዱዌይን ከልጅነቱ ጀምሮ አጎቴ ነው የሚለው። ከቀብሩ በኋላ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው ይኸው ሰው ነው።

ኮኒ ለኦፓል ስለ ሎዌል ጠየቀቻት።

«ከአጠገብዎ ተነሥቶ ነበር?»

«ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም። ቢሄድልኝ ደስ ባለኝ።»

«መኪናው የራሱ ሆኖ ሳለ ለምን ጋራዥ ውስጥ አልነበረም?»

«ቨርል ባለመኪና አያስገባም። ‹ባል ምጥ ላይ ምን ይሠራል፣ ውጭ ሆኖ ይጨነቅ› ነው የሚለው። ባለመኪናው ከገባ ሥራውን ትቶ ይወጣል።»

ኮኒ ወደ ክሊተስ ዞረች።

«እርስዎስ ያን ጠዋት የት ነበሩ፣ አቶ ባውማን?»

«ቤቴ። አጥር እየጠገንኩ። ሳይረኑን ስሰማ ነው በበቆሎው መሃል ሮጬ የመጣሁት።»

«ከቨርል ጋር መጨረሻ የተነጋገራችሁትስ?»

«ያንኑ ጠዋት በስልክ። ከጋራዡ ነው የደወለው።» ሳህኑን አገላብጦ አደረቀው። «ደስ ብሎት ነበር። ‹ክሊት፣ አክስሉ ንጹሕ ነው፤ የመሃል ብረቱ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ተቀልጧል፣ መኪናዋ ደግሞ ኦክቶበር ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተገጣጥማለች፣ መንታ ናቸው› አለኝ። እንዲህ ደስ እንዳለው ነው የሄደው። ለኦፓልም ነግሬያታለሁ።»

ነግሯታል። ከቀብሩ ወዲህ ኦፓል የያዘችው ነገር ቢኖር ይህቺ ብቻ ናት። ደስ ብሎት ሄደ። ማታ ማታ ታወጣትና ታያታለች፣ መልሳ ትከታታለች።

ኮኒ ክሊተስን ያን አክስል አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አይቼው አላውቅም አለ። የሼቭሮሌት ሆድ ማየት ዓይን ያሳምማል ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ ማንም አልሳቀለትም።

ከዚያ ኮኒ ዱዌይንን ከጋቢናው አስወጥታ ወደ ጋራዡ ይዛው ሄደች። ኦፓልም ተከተለቻቸው። ማንም ነይ አላላትም፣ ማንም ተመለሺ ሊላት ደግሞ አልደፈረም።

ሼቬሏ አሁን የእሳት አደጋ ሰዎች ባመጡት ግንድ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ሁለቱ የብረት ድጋፎች በጎናቸው ወድቀው ተሰብስበዋል። ክሪኩ የጓሮው በር አጠገብ ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል።

«ድጋፎቹን የት ነበር ያቆምካቸው?» አለች ኮኒ።

«ከአክስሉ ቱቦ ሥር። ግራና ቀኝ። መኪናዋን ገፋ ገፋ አድርጌ ሞክሬያታለሁ።» እጆቹን አየ። «የሞከርኩ መስሎኛል። አሁን እንጃ።»

«ክሪኩንስ?»

«አውርጄ ከፊተኛው ጎማ ጋ ተውኩት። አባዬ መልሶ ይፈልገዋል።»

«እዚያ ግድግዳ ጋ ያደረሰው ማን ነው?»

ዱዌይን ክሪኩን እንደ እንግዳ ሰው አየው። እሱ አለመሆኑን ተናገረ። የእሳት አደጋ ሰዎችም የራሳቸውን ማንሻ እንጂ ይህን አልነኩም።

ኮኒ ካርቶን አንጥፋ ከመኪናዋ ሥር ገባች። ለረጅም ጊዜ የባትሪዋ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። አክስሉ በቅርቡ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ድጋፎቹ ያረፉበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተነክሶ ብረቱ ይታያል፤ በግራም በቀኝም። በጣቷ ዙሪያቸውን ዳበሰች። ከዚያ ወደ መሃሉ ወፍራም ብረት ተሻገረች።

«ዱዌይን፣ እዚህ ላይ ጎልቶ የወጣ ፊደል አለ። ኬ ይላል። ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ዘጠኝ። ምን ማለት ነው?»

«ብረቱ የተቀለጠበት ቀን ነው። ፊደሉ ወሩ ነው፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር። ኬ ኖቬምበር ነው። ኖቬምበር ስድስት፣ ስልሳ ዘጠኝ።» ሲናገር ድምፁ እንደ አባቱ ሆነ፤ ኦፓል ወደ ግድግዳው ዞረች። «ሊሆን አይችልም ግን።»

«ለምን?»

«መኪናዋ ኦክቶበር ላይ ነው የተገጣጠመችው። ሞተሩ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል። እንዴት ብሎ አክስሉ ከመኪናዋ በኋላ ይወለዳል?»

«እንግዲህ የሌላ መኪና ነዋ።»

«የሌላ መኪና ቢሆን አባዬ ገና ሲያየው ይወጣ ነበር። ‹የሰው ነው› ብሎ እጁን ይታጠባል። እዚያ ሥር የሚያስቆየው ነገር የለም።»

ኮኒ ካቻቢቴ አቀብለኝ አለችው። ሲፋቅ ተሰማ። ስትወጣ መዳፏ ላይ ግራጫ ፍርፋሪ ነበር።

«ብረት በካቻቢቴ እንዲህ አይፈረፈርም» አለች።

ዱዌይን በጣቱ አሸው፣ አሸተተው። «የብረት ስቱኮ ነው። አንድ ሰው የድሮውን ፊደል ሞርዶ በስቱኮ አዲስ ሠርቶበታል።»

ኦፓል ሰማች። ነገሩ ገባት ማለት ግን አይደለም። ልጇ ከቀብሩ ወዲህ ከሁለት ቃል በላይ ሲናገር መስማቷን ብቻ አስተዋለች።

ከሰዓት በኋላ ኮኒ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሎዌል ፕሩዊት መኪናዬን መቼ ነው የምትለቁልኝ እያለ ገባ፤ የኦፓልን ፊት ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ክሊተስ እጁን በፎጣ እያደረቀ ከወጥ ቤት መጣ። ዱዌይን የበሩን ፍሬም ተደግፎ ቆመ። የጓሮው በር ጋ አንድ ፖሊስ ነበር።

ኮኒ ባትሪዋን ከመኪናዋ ሥር አበራች። ጎንበስ ላለ ሰው ፊደሏ ከቆመበት ትታያለች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ የሚመልሰውም የጠየቅሁት ሰው ብቻ ነው። አቶ ባውማን፣ ይህቺ ፊደል ምን ወር ናት?»

ክሊተስ ጎንበስ አለ። «ኬ? ኦክቶበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህን ፊደሎች ማቅለጫው የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ስተክል ነው ጥርስ ያወጣሁት። ጄ ሴፕቴምበር፣ ኬ ኦክቶበር፣ ኤል ኖቬምበር።»

ሎዌል ጉሮሮውን ጠረገ። «ክሊተስ፣ ኬ እኮ ኖቬምበር ነው።» ይህን እንዳለ የተናገረው ነገር ራሱ ላይ ደረሰበትና የመኪናውን ጭራ ያዝ አደረገ። «ቆይ። ቆይ እንጂ። የእኔ መኪና ኦክቶበር አይደለም እንዴ?»

«ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ» አለች ኮኒ። «አባቴ ዕድሜ ልኩን ፎርድ ቤት ነው የሠራው፣ ስለዚህ ይህን እኔም አውቃለሁ። ፎርዶች ወር ሲቆጥሩ አይ የምትባለውን ፊደል ይዘሏታል፤ አንድ ቁጥር ትመስላለችና እንዳታሳስት። ሼቭሮሌቶች አይዘሏትም። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ሁለቱ ቤቶች አንድ ናቸው። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ግን በአንድ ፊደል ይለያያሉ። ኬ ለፎርድ ሰው ኦክቶበር ነው፣ ለሼቭሮሌት ሰው ኖቬምበር ነው።»

ክሊተስ ፎጣውን አጠፈው። አሁንም አጠፈው።

«እንግዲህ ከመጀመሪያው እንሂድ። ሸሪፉ መኪናዋ ከድጋፎቹ ተንሸራታለች ይላል። የሚንሸራተት መኪና የድጋፉን ጥርስ ቱቦው ላይ እየጎተተ ነው የሚወርደው፤ ቀለሙን ይልጠዋል። እዚህ ያለው ንክሻ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ በዙሪያው ጭረት የለም። መኪናዋ ከድጋፎቹ ላይ አልወደቀችም። በክሪክ ተነሣች፣ ድጋፎቹ ወጡ፣ ከዚያ ክሪኩ ተለቀቀ። ዱዌይን ድጋፎቹን ያቆመው ልክ አባቱ እንዳስተማረው ነው።»

ዱዌይን አልተንቀሳቀሰም። ኦፓልም አልተንቀሳቀሰችም። ሁለቱም የተነገረው ስለ ሌላ ሰው ይመስል ቆሙ።

«ክሪኩም ዱዌይን ከተወበት አልተገኘም፣ ጓሮ በር ጋ ተገኘ። ያንቀሳቀሰው ሰው የወጣው በዚያው ነው፣ ወደ በቆሎው። አሁን ማን ነው እንበል። ቨርል ከሥር ተኝቶ ሳለ ሰው መኪናውን ሲያነሣ ዝም ብሎ የሚተኛው ለማን ነው? ለባለመኪና አይደለም፤ ባለመኪና አያስገባም። አቶ ፕሩዊትም በረንዳ ላይ ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ነበር። ለማያውቀው ሰው አይተኛም። ለልጁ ይተኛል። ልጁ ግን ከተማ፣ የከብት መኖ መሸጫው ውስጥ ወረፋ ይዞ ነበር፣ ባለሱቁም አብረውት የቆሙትም መስክረዋል። የሚቀረው ጓደኛው ነው።»

«ጓደኛ መሆን ወንጀል ነው?» አለ ክሊተስ። ድምፁ ግን የራሱ አልነበረም።

«አይደለም። ጠዋት የነገሩኝ ነገር ባይኖር እኔም እዚህ ላይ እቆም ነበር። ቨርል በስልክ ‹የመሃል ብረቱ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ተቀልጧል› አለኝ አሉ። ቨርል ድሬክስለር፣ ከሼቭሮሌት ሌላ አንብቦ የማያውቅ ሰው፣ ኬ አይቶ ኦክቶበር አይልም። አፉ እንቢ ይለዋል። ያንን ፊደል ኦክቶበር ብሎ ያነበበው የፎርድ ሰው ነው፣ ያነበበውም በዓይኑ ነው። እርስዎ አይቼው አላውቅም ብለዋል። ያላዩትን እንዴት አነበቡት? አንብበውት ብቻ አይደለም፣ ጽፈውታል። ይህን አክስል ኦክቶበር የተወለደ ለማስመሰል የፈለገ የሼቭሮሌት ሰው ጄ ይሠራ ነበር። ኬን የሠራው እጅና ኦክቶበር ያለው አፍ የአንድ ሰው ናቸው።»

ሎዌል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አክስሉን ያመጣለት ክሊተስ መሆኑን ተናገረ። ከመኪናህ ቀን ጋር የሚስማማ ነው፣ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጎተራ አገኘሁት ብሎት ነበር፤ ሎዌልም አምኖት ፊደሏን ራሱ አላየም፤ ስሜን እንዳትጠራ፣ ቨርል ካወቀ ይቀልድብኛል ስላለው ዝም ብሏል። ከዚህ በፊትም ለሁለት ጓደኞቹ አምጥቶላቸው ነበር። የእነሱ ፊደሎች ግን ሁለቱ ቤቶች የማይለያዩባቸው የፀደይ ወራት ናቸው። ቨርል ሁለቱንም «የራሱ ነው» ብሎ አሳልፏቸዋል።

ክሊተስ ኮኒን ትቶ ወደ ኦፓል ዞረ።

«በጥፍሩ ፋቀው» አለ። «‹ክሊት፣ ይሄ የአንተ እጅ ነው› አለኝ። አልተቆጣም። ‹ቅዳሜ ሰዉ ሲሰበሰብ እነግራለሁ፤ ያሳለፍኳቸውንም እመለስባቸዋለሁ፣ ራሴንም አላስቀርም› አለ። ኦፓል፣ እዚህ አገር ማን ሊያናግረኝ ነው ከዚያ በኋላ? ከዚያ ድጋፎቹን ትንሽ ወደ ዳር አውጣልኝ፣ ጎኑን ልየው አለኝ። አነሣሁለት። አወጣሁለት። ‹ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ስትሰማው ትስቃለህ› አለኝ።»

«ምን?» አለች ኦፓል።

«አልሰማሁትም። ክሪኩን ለቅቄ ነበር።»

ወሩን እንደሳተ ሊነግረው ነበር። ይህን ለማወቅ ማንም ኮኒን መጠየቅ አላስፈለገውም።

ኦፓል ሰውየውን አየችው። የምትለው ነገር እንዲመጣላት ጠበቀች፤ እንደ እሷ ያለች ምላሰኛ ሴት ቃል አጥታ አታውቅም።

«ሳህኔን ስታጥብ ሰነበትክ» አለችው።

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ክሊተስ ፎጣውን የሚያኖርበት ቦታ ፈለገ፣ በመጨረሻ ለሎዌል ሰጠው። ሎዌልም ተቀበለው። ኮኒ የሸሪፉን ወረቀት ራሷ አርማ እንደምታስገባ፣ የዱዌይን ስም እዚያ ላይ እንደማይኖር ለኦፓል ነገረቻት። ኦፓል አመሰገነቻት። ደስታም፣ ንዴትም፣ ዕንባም ይመጣ እንደሆነ ብላ ትንሽ ቆመች። ደስ ብሎት አለመሞቱን ብቻ አወቀች። ያቺን አንዲት መጽናኛም አጣች።

ዱዌይን ወደ ግቢው ወጥቶ ነበር። የጭነት መኪናው ጋ ደርሶ በሩን ሳይከፍት ቆሟል። ኦፓል ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ማዶ የበቆሎው ቅጠል ደርቆ ይንኮሻኮሻል።

«እማዬ» አለ። «እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነበር?»

አይ ብትለው ያምናታል። ይህን ታውቃለች። መላ ሕይወቱን ያላትን ሁሉ አምኖ ነው የኖረው።

«አዎ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም መስሎኝ ነበር።»

እጁን ያዘችው። ቀዝቃዛ ነበር፣ ጥፍሩ ሥር ግራጫ ስቱኮ ገብቷል። ገልብጣ መዳፉን አየችው፣ መልሳ ጀርባውን አየችው፣ አልለቀቀችውም።

«ግባ» አለች። «የሰው ድንች ሞልቶልናል፣ ሳይበላሽ እንብላው።»